በዝሆኔ ያስፈረደው ጩኸት

ከጎንደር ፒያሳ ወደ ፀዳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ የትነበርሽ መጀመሪያ ከረዳቱ፣ ቀጥሎ ከሾፌሩ ጋር ተጣላች። ረዳቱን ሰው ደራርቦ ስለጫነ፤ ሾፌሩን ደግሞ አስፋልት ዳር ጎማ የሚያንከባልሉ ልጆችን አይቶ «አሳዳጊ የበደላቸው!» ስላለ።

«ልጅ ሲጫወት ካየህ ፍሬን ያዝ እንጂ አትሳደብ!» አለችው ከኋላ ወንበር። ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋትና መንዳቱን ቀጠለ። ሻሽ ያሰረች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ የተቀመጠች፣ ጠብ ያማራት ሴት ነች። ከእንደዚህ ዓይነቷ ጋር መከራከር ቀኑን ማበላሸት እንደሆነ የታክሲ ሾፌር ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር ሾፌሩ የበደላት ነገር የለም። የትነበርሽ የተናደደችው በሌላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተናዳ ነው የከረመችው። ንዴት ደግሞ እንደ ሞላ ባልዲ ነው፤ ተሸክመውት ሲሄዱ ያገኘውን ሁሉ ይረጫል። ዛሬ ግን የሚደፋበት ቦታ ታውቆ ነበር። ፀዳ ውስጥ ባለ አንድ አጸደ ሕፃናት የወላጆች ኮሚቴ ተሰብስቦ ሁለት ነገር ሊወስን ነው። አንደኛው ግቢው ውስጥ ያለው ትልቅ ድንጋይ ተፈልጦ እንዲወጣ፤ ሁለተኛው መምህርት ልዕልት ከሥራ እንድትሰናበት።

ድንጋዩን ሕፃናቱ «ዝሆኔ» ይሉታል። ግቢው ሲጠረግ ማሽኑ ገፍቶ ገፍቶ አቅቶት ትቶት የሄደ፣ ጀርባው ሰፊ፣ አንገቱ ዘቅዘቅ ያለ ጥቁር ቋጥኝ ነው። ከፍታው አንድ ቁመተ ረጅም ሰው ያህል ቢሆን ነው። በአንገቱ በኩል ይወጡበታል፣ በጀርባው ይሸራተቱበታል፤ የሕፃናት ሱሪ እያሸው ጀርባው እንደ መስታወት ያበራል። ማለት፣ ያበራ ነበር። አሁን ዙሪያውን በገመድ ታጥሯል፣ ገመዱ ላይም ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ፈንጂ የተገኘበት ነው የሚመስለው።

የትነበርሽ የአጸደ ሕፃናት መምህራንን የምታሠለጥን ሱፐርቫይዘር ናት። ብዙ ዓመት አስተምራለች፣ ብዙ ትምህርት ቤት አይታለች። ያየችው ነገር ሲያንገበግባት ኖሯል። መንገድ ተዘግቶ፣ ተኩስ ሲሰማ ታድሮ፣ ትምህርት ሲከፈትና ሲዘጋ በከረመባቸው ጊዜያት ሕፃናቱ ቤት ተቆልፎባቸው አደጉ። ከዚያ ትምህርት ቤት ሲመጡ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ደረጃ ለመውረድ ግድግዳ ይዳብሳል። ትንሽ ቦይ ዘሎ ለመሻገር ያለቅሳል። መምህራኑስ? «ቁጭ በል! አትሩጪ! ውረድ! ትወድቂያለሽ!» ከዚህ ሌላ ቃል ያላቸው አይመስልም። ከፍታ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ እንዴት እንደሚወርድ ከየት ይማር? ይህን ስትጠይቃቸው «ልጅ ከወደቀ ወላጅ ይገድለናል» ይሏታል። ይህ ደግሞ ውሸት አልነበረም።

ስለዚህ ሥልጠና አዘጋጀች። መምህራኑን ሰብስባ፣ ልጅ ከፍ ያለ ነገር ላይ ሲወጣ እንዴት አጠገቡ እንደሚቆም፣ እጅ የት እንደሚሆን፣ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ አሳየቻቸው። ትልቁ ትምህርት ግን አፍ ላይ ነበር። አንዷን መምህርት ጢም ያለ ውሃ በብርጭቆ አስይዛ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስኬደቻት። መምህርቷ ጠብታ ሳታፈስ ግማሽ ላይ ስትደርስ የትነበርሽ ከጀርባዋ «እኔን!» ብላ ጮኸች። ውሃው መምህርቷ ቀሚስ ላይ ተደፋ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«አያችሁ?» አለች የትነበርሽ፣ እሷ ሳትስቅ። «እኔ ካልጮኽሁ ትሻገር ነበር። ልጅ ከፍ ብሎ ስታዩት ‹እኔን›ን ዋጧት። እጃችሁን ዘርጉ፣ አፋችሁን ዝጉ።»

ሁሉም በማስታወሻቸው ጻፉ። ሁሉም ሻይ ጠጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሁሉም በማግስቱ «ውረድ! ትወድቂያለሽ!» ማለታቸውን ቀጠሉ። ከአንዷ በቀር። እሷም ልዕልት ናት።

ልዕልት የትክል ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት። ከኮሌጅ ወጥታ ሁለት ዓመት ያስተማረች፣ ቃሏ ቁጥብ፣ ስትናገርም ድምፅዋ የማይሰማ። ሥልጠናውን ከምር የወሰደችው እሷ ብቻ ነበረች። ዝሆኔ ላይ ሕፃናቱን ተራ እያስያዘች ማውጣት ጀመረች። መጀመሪያ አንገቱ ላይ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ፣ ሲጠነክሩ ጀርባው ላይ። ወራት አልፈው አንድም ልጅ አልወደቀባትም ነበር። የትነበርሽ ሌሎች መምህራንን እያመጣች «እዩዋት!» ትል ነበር፣ የራሷን ልጅ የምታስመርቅ ይመስል።

መዝሙር የምትባለው ልጅ የወደቀችው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ በሚመጡበት የምሳ ሰዓት ነው። አምስት ዓመቷ ነው። ዝሆኔ ጀርባ ላይ ወጥታ ልትወርድ ስትል ግራ እጇ ላይ ወደቀችና ክንዷ ተሰበረ። እናቷ እስከዳር ግቢው ውስጥ ነበረች። ርዕሰ መምህሩ አቶ በላቸው ከድንጋዩ ፊት ለፊት ባለው ቢሮው፣ መስኮቱን ከፍቶ ተቀምጦ ነበር። ልዕልት ደግሞ ከልጅቷ ሥር።

ልዕልት ያን ዕለት ማታ ለየትነበርሽ ደውላ እያለቀሰች የነገረቻት እንዲህ ነው። «እትዬ፣ አጠገቧ ነበርሁ። እግሯን በእጄ ይዤ ማረፊያውን እያሳየኋት ነበር። ድንገት ከበሩ በኩል ‹እኔን! እኔን ልጄን! ወደቀች!› የሚል ጩኸት መጣ። አልወደቀችም እኮ፣ እትዬ! ጩኸቱን ስትሰማ ዞረች። ስትዞር ከእጄ ወጣች።»

እስከዳር ለባሏም፣ ለኮሚቴውም፣ ለጎረቤቱም የነገረችው ሌላ ነው። «በሩን አልፌ ስገባ ልጄ መሬት ላይ ወድቃ አገኘኋት። መምህርቷ አጠገቧ አልነበረችም።» ጎረቤት ደግሞ የሚጨምረው አያጣም፤ በሳምንቱ ወሬው «መምህርቷ ስልኳን ስትጎረጉር» ሆኖ ፀዳን አዳረሰ። ስልክ ስትጎረጉር ልጅ ጣለች የተባለችን መምህርት ማን ይቀጥራል? ከሥራ መሰናበቱ ብቻ አልነበረም። ልዕልት ከዚህ በር በዚህ ስም ከወጣች ጎንደር ውስጥ ሌላ የሕፃናት በር አይከፈትላትም።

የትነበርሽን ሌት ተቀን ያንገበገባት ይህ ነው። «እኔን!» ማለት እኛ ዘንድ ከትንፋሽ ጋር የሚወጣ ነገር ነው። ሰው ሲደናቀፍ እኔን፣ ልጅ ሲያስነጥስ እኔን፣ ብርጭቆ ሲሰበር እንኳ እኔን። ማንም አስቦ አይለውም፣ ማንም በክፋት አይለውም። የእናት ሲሆን ደግሞ ማን ደፍሮ ጥፋት ነው ይለዋል? እስከዳር ደንግጣ ጮኸች፤ የትነበርሽ በዚህ አልፈረደችባትም። ከጮኸች በኋላ ግን ጩኸቷን ውጣ፣ ጥፋቱን በሰው ልጅ ላይ ጫነች። የትነበርሽ ይህን ማለፍ አልቻለችም።

ታክሲው አውርዷት ግቢው ስትደርስ በቀጥታ የገባችው አቶ በላቸው ቢሮ ነው። ሰላምታ አልሰጠችውም።

«መስኮትህ ክፍት ነበር» አለችው።

«እንደምን አደርሽ፣ መምህርት የትነበርሽ። ተቀመጪ እንጂ።»

«አልቀመጥም። መስኮትህ ክፍት ነበር፣ ዝሆኔ ደግሞ ይኸው አፍንጫህ ሥር ነው። መጀመሪያ የሰማኸው የእናቲቱን ጩኸት ነው ወይስ የልጅቷን ለቅሶ?»

አቶ በላቸው እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ጠብ ካለበት ቦታ ሁሉ ቀስ ብሎ በጓሮ የሚወጣ ሰው ነው። ሥልጣን ላይ ሃያ ዓመት የቆየው በዚሁ ነው።

«ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሆነው» አለ በመጨረሻ። «ጩኸትም ነበር፣ ለቅሶም ነበር። የቱ ቀደመ ብትይኝ እኔ በእርግጠኝነት...»

«ጆሮህ ሁለት ነው፣ አንደበትህ አንድ። እሱንም ቆልፈኸዋል!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ወላጆቹ መጥተዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኮ አባትየው ራሱ ነው። ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«የሰማኸውን ተናገር። ሌላ ምን እልሃለሁ!»

በሩን ስትዘጋው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ስብሰባው በሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ነበር። ሌላ ወንበር ስለሌለ ኮሚቴው የተቀመጠው በሕፃናቱ ወንበር ላይ ነው፤ የተከበሩ ወላጆች ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ፣ በአራት ቀለም በተቀባች ትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ተኮልኩለው ያያቸውን ሰው ያስቁ ነበር። የትነበርሽ ግን ለሳቅ ቦታ አልነበራትም። ልዕልት በር ላይ ቆማ ነበር። አቶ በላቸው «ስለ አንቺ ስለምንነጋገር ውጭ ብትቆዪ» አላት፣ በትሕትና። እሷም አንገቷን ደፍታ ወጣች። ያቺ መዝሙርም፣ ቤት የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ፣ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር። «ሂጂ፣ ውጭ ተጫወቺ፣ ገመዱን እንዳታልፊ» ተባለችና ወጣች።

አባትየው አንዱዓለም ቆሞ ተናገረ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ መነጽሩ ወፍራም፣ አነጋገሩ የተለካ ሰው ነው። የልጁ ክንድ እንደተሰበረበት አባት ሳይሆን እንደ ሊቀመንበር ለመናገር እንደሚሞክር ተናገረ፤ ቀጥሎም እንደ አባት ተናገረ።

«በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሴፍቲ የሚባል ነገር አለ» አለ። «ሪስክ ካለ ሪስኩን ማስወገድ ነው። ድንጋይ አለ፣ ልጅ ወደቀ፤ ድንጋዩን ማስወገድ። መምህር አለ፣ ልጅ ሲወድቅ አልነበረም፤ መምህሩን ማስወገድ። ቀላል ነገር ነው፣ ማካበድ አያስፈልግም።»

«ዝሆኔንና ልዕልትን በአንድ ካሚዮን ብትጭኗቸው ይቀላችኋል!» አለች የትነበርሽ ከጥግ።

«ተራዎት ሲደርስ ይናገራሉ፣ ወይዘሮ።»

ከወላጆቹ መካከል አያ ዳኛው የሚባሉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውን የሚያስተምሩ፣ ከፀዳ ዳር የሚያርሱ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምነው፣ እኛ ስናድግ እንዲህ ነበር እንዴ?» አሉ። «እኔ ከገደል አፋፍ ላይ ነው ዝንጀሮ ሳባርር ያደግሁት። እጄም ተሰብሮ ያውቃል፣ ወጌሻ አሸው፣ ሸጋ ሆኖ ገጠመ። ድንጋይን ምን አደረገ ብላችሁ...»

የትነበርሽ ልቧ ሞቅ አለ። አንድ ሰው ተገኘ ብላ አሰበች።

«...ግና የናንተ ዘመን ሌላ ነው። እናንተ ካላችሁ ይሁን» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ይሁን! የትነበርሽ ጥርሷን ነከሰች። ገደል አፋፍ ላይ ያደገ ሰው የልጅ ልጁ ቋጥኝ ላይ እንዳትወጣ «ይሁን» ይላል። ተነሣች። ሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሣት ለትልቅ ሰው ቀላል ስላልሆነ ወንበሩ አብሯት ተነሥቶ ወደ ኋላ ወደቀ።

«እኔ ነኝ ያሠለጠንኋት» አለች። «ጥፋት ካለ ከኔ ይጀምር። ልዕልት ግን አጠገቧ ነበረች፣ እጇ የልጅቷ እግር ላይ ነበር። ልጅቷ የወደቀችው ድንጋዩ ስላዳለጣት አይደለም። ከበሩ የመጣ ጩኸት ነው ያስደነገጣት። ወይዘሮ እስከዳር ‹እኔን! ወደቀች!› ብለው ሲጮሁ ልጅቷ ገና ድንጋዩ ላይ ነበረች። ጮኹ፣ ዞረች፣ ወደቀች። ነገሩ ይህ ነው፤ ሁላችሁም ፈርታችሁ የማትናገሩትን እኔ ተናገርሁት!»

 ክፍሉ በአንድ ላይ ተንጫጫ።

«ልጇ የወደቀባትን እናት!»

«እኔን ማለትም ወንጀል ሆነ?»

«ነውር አይደለም እንዴ!»

አንዱዓለም ፊቱ ደም መሰለ። «ባለቤቴ ስትገባ ልጄ መሬት ላይ ነበረች። ነግራኛለች። ባለቤቴ ትዋሻለች ነው የሚሉት?»

የትነበርሽ ለእሱ አልመለሰችም። የምታየው እስከዳርን ነው። እስከዳር ከባሏ ጎን ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ቀና አላለችም። ንጹሕ ሰው በሐሰት ሲወነጀል እንዲህ አይቀመጥም። ይናደዳል፣ ይነሣል፣ ይሳደባል። እስከዳር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የትነበርሽ «ተናገሪ!» ብላ ትከሻዋን ይዛ ልትንጣት ምንም አልቀራትም።

«አቶ በላቸው» አለች በምትኩ። «መስኮትህ ክፍት ነበር። ምን ቀድመህ ሰማህ?»

ሁሉም ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። አቶ በላቸው መሬት ላይ የወደቀውን ወንበር አንሥቶ አቃና፣ አቧራውን ጠረገ። «በትክክል አላስታውስም» አለ ለወንበሩ።

ድምፅ ተሰጠ። እጆች ሁሉ ወጡ። የአያ ዳኛው እጅ ከጋቢው ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። የአቶ በላቸው እጅ ከሁሉም መጨረሻ፣ እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ ወጣ። እስከዳርም እጇን አወጣች። የትነበርሽ ያቺን እጅ እስክትወርድ ድረስ አየቻት። በሕይወቷ ብዙ ነገር አናዷታል፤ የተማሪ ወላጅ ሰድቧታል፣ አለቃ ገፍቷታል፤ እንደዚያች እጅ ግን ደሟን ያፈላው ነገር የለም።

«እንግዲህ ተወስኗል» አለ አንዱዓለም፣ መነጽሩን እየጠረገ። «ኑ፣ ማሽኑ በየት በኩል እንደሚገባ ላሳያችሁ። አጥሩ መፍረስ ይኖርበታል።»

ተያይዘው ወጡ። የትነበርሽም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከኋላ ተከተለች፤ ልዕልትን ፈልጋ ክፉውን ወሬ ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት እሷው ልትነግራት ነበር።

ከፊት የነበረው አንዱዓለም ቆመ። ከኋላው ያሉት ተጋጩበት።

መዝሙር ዝሆኔ ጀርባ ላይ ነበረች።

ገመዱን አልፋለች። ጀሶ የታሰረ ክንዷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በአንድ እጇ ብቻ፣ በአንገቱ ወጥታ ጀርባው ላይ ደርሳለች። አሁን መውረድ ፈልጋ ሆዷን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ በእግሯ ማረፊያ ትፈልጋለች። ከሥሯ ልዕልት ቆማለች። ጫማዋን አውልቃለች፤ ሮጣ መድረሷ ያስታውቃል። ሁለት እጇን ዘርግታ ልጅቷን አልነካቻትም፣ ግን አንድ ስንዝር እንኳ አልራቀቻትም።

አንዱዓለም ደረቱን ሞልቶ አየር ሳበ። የትነበርሽ አየችው። ጩኸቱ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ሩቅ ነች፣ አትደርስበትም።

«መዝ—»

ከጎኑ እጅ መጣ። እስከዳር ነች። በመዳፏ የባሏን አፍ እንደ ጥፊ አድርጋ ከደነችው። መነጽሩ ተፈናጥሮ ወደቀ።

«ዝም በል!» አለችው፣ በሹክሹክታ፣ በጥርሷ መካከል። «ዝም በል፣ ደግሞ ትወድቃለች!»

ሁሉም ሰማ። አያ ዳኛው ሰሙ፣ አቶ በላቸው ሰማ፣ ያ «ነውር አይደለም እንዴ» ያለው ሰውዬም ሰማ። ማንም ግን አልተነቃነቀም። እስከዳር መዳፏን ከባሏ አፍ ላይ ሳታነሣ ልጇን ብቻ ታያለች፤ ምን እንዳለች ገና አልገባትም።

«እግርሽ ቦታ አገኘ?» አለች ልዕልት ከታች፣ በዚያ በማይሰማ ድምፅዋ። አሁን ግቢው ሁሉ ሰማት።

«አላገኘም» አለች መዝሙር።

«ቀስ ብለሽ ፈልጊ።»

ትንሿ እግር ድንጋዩን ዳበሰች። ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ቀኝ።

«አገኘ!»

«በይ ሌላኛዋን።»

እንዲህ እያሉ ወረዱ። መዝሙር መሬት ስትረግጥ ልዕልት እዚያው ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች። መዝሙር ግን ሰው ሁሉ እንደሚያያት ስታውቅ በኩራት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ቲቸር፣ ዛሬ ማንም አልጮኸም» አለች።

አንዱዓለም የሚስቱን እጅ ከአፉ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። ያለ መነጽሩ ሌላ ሰው መስሏል። ወደ ልጁ ሄዶ በርከክ አለ።

«መዝሙርዬ፣ ያኔ ስትወድቂ የጮኸ ሰው ነበር?»

መዝሙር አባቷን አየች። እናቷን አየች። ከንፈሯን ገጥማ ጭንቅላቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ለአባባ ንገሪ። ማን ነበር?»

«አልናገርም።»

«ምነው?»

«እማዬ አትናገሪ ብላኛለቻ።»

እስከዳር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።  የትነበርሽ ሦስት ሳምንት የጠበቀችው ቅጽበት ይህ ነበር፤ ደስ ግን አላላትም። ይልቅ ሌላ ንዴት፣ ከፊተኛው የባሰ ንዴት መጣባት። ይቺን የምታህል ልጅ ላይ ይህን የመሰለ ሸክም!

«እንግዲህ መቼም...» አለ አቶ በላቸው፣ ጉሮሮውን እየጠረገ። «አሁን ሳስበው፣ እኔም ጩኸቱን ቀድሜ የሰማሁ ይመስለኛል።»

«አሁን?!» የትነበርሽ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። «አሁን ትዝ አለህ? እጅህን ስታወጣ የት ነበርህ? ልዕልትን ከእንጀራዋ ስትነቅል፣ ስሟን ስታስቀብር፣ ጆሮህ የት ሄዶ ነበር? ሕፃን እስኪናገር ነው የምትጠብቀው? አንተን ብሎ ርዕሰ መምህር! አንተን ብሎ...»

አያ ዳኛው ክንዷን ያዟት። «በቃ፣ እቴ፣ በቃ።»

«አይበቃም! እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል!»

አያ ዳኛው እጃቸውን መለሱና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

አንዱዓለም መነጽሩን ከመሬት አንሥቶ አደረገ። አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል። የሊቀመንበር ድምፁን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ ፈጀበት። «ቃለ ጉባኤው ይስተካከላል» አለ። «የድንጋዩንም ጉዳይ እንደገና እናየዋለን። መምህርት ልዕልትም... ሰኞ ወደ ሥራዋ ትመለስ። ኮሚቴው አልፎታል።»

አልፎታል! የትነበርሽ አፏን ከፈተች። ልዕልት ግን ቀደመቻት።

ልዕልት ከተቀመጠችበት ተነሣች። ባዶ እግሯን፣ ቀሚሷ አቧራ ለብሶ፣ በኮሚቴው ፊት ቆመች። 

«ምኑን ነው ያለፋችሁት?» አለች። «እኔ ምን አደረግሁና ነው የምታልፉልኝ? የኔን ተዉት፣ የኔ ይቆይ። መጀመሪያ ልጅቱን ‹ተናገሪ› በሏት። ይሄን ሁሉ ቀን አፏን ይዛ የከረመችው እሷ ናት። ከወደቀች ወዲህ እኔን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። የተቀየመችኝ መስሎኝ ሳለቅስ ነበር። በሏት!»

 እስከዳር ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ወደ ልጇ ሄዳ አፈሩ ላይ ተንበረከከች፤ ጀሶውን በመዳፏ ደባበሰች።

«ተናገሪ፣ እናቴ» አለቻት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ለአባባም?»

«ለአባባም፣ ለሁሉም።»

መዝሙር ትንፋሿን ሳበች። ከተናገረች አይቀር ከመጀመሪያው ጀመረች፦ ተራዋን እንደጠበቀች፣ እስከ ዝሆኔ ጀርባ እንደወጣች፣ ቲቸር «ቀስ» እንዳለቻት። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን አሳየች።

«ቲቸር እዚህ ጋ ይዛኝ ነበር» አለች። «ጥብቅ አድርጋ። አልወድቅም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዞርሽ፣ የኔ ልጅ?» አለች እስከዳር።

መዝሙር እናቷን ግራ በገባው ዓይን አየቻት።

«ስትጮሂ አንቺን የሆነ ነገር ያገኘሽ መሰለኛ» አለቻት። «ልይሽ ብዬ ነው።»